የረድዋን ቀበቶ

አዋሽ፣ መስከረም 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውብዬ፣ እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ሰመራስ እንዴት አድርጋ እያነደደችሽ ነው? እኛ ደህና ነን። ሙቀቱም ደህና ነው፣ ዝንቡም ደህና ነው፣ ቆሞ የቀረው ባቡርም እዚያው ጣቢያው ውስጥ ዝገቱን እየጠጣ ደህና ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትጽፋለህ ብለሻል። ስልኩን የምታነሺው ከትራንስፖርት ቢሮው ሰው መሃል ሆነሽ ነዋ! እኔ ገና ቀልድ ስጀምር «እሺ ጌታዬ፣ ማመልከቻዎን ያስገቡ» ትይኛለሽ። ደግሞስ አባታችን ወልደገብርኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ ከጣቢያ ጣቢያ ሲጻጻፍ የኖረ ሰው ነው። ልጆቹ በወረቀት ካልሆነ በወጉ መከራከር አንችልም።

የጠየቅሽኝ ነገር እውነት ነው፤ ሸሽጌ ምን አገኛለሁ። ሾፌሮቻችን ኬላው ሲታያቸው ቀበቶውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ኬላውን ሲያልፉ ያወርዱታል። ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም። አንቺ መንገዱን በወረቀት ነው የምታውቂው። ከጅቡቲ የሚመጣውን ቦቴ አስቢው፤ ሆዱ ሙሉ ነዳጅ ነው። እሳት ቢነሳ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ምን ይሆናል? ፈንታን ታውቂው የለ? ተሳቢው ገደል ሲገባ በሩን ከፍቶ ዘለለ፣ ይኸው ዛሬም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተዝካሩን ነበር የምንበላው። ሰው በራሱ እጅ ራሱን አስሮ ይነዳል ወይ? እስረኛ እንኳ ፖሊስ ነው የሚያስረው።

አሁን መኪናው ቀበቶ የሌለው ሁሉ ወደ እኔ እየመጣ ነው፤ ያለ ቀበቶ ቦሎ አይታደስም ብላችሁ አስደንግጣችኋቸዋል። እሰፋላቸዋለሁ። እንዴት እንደምሰፋ አትጠይቂኝ፣ ታፒሴሪም ምስጢር አለው። ሃያ ዓመት የባቡር ወንበር የሰፋ እጅ የአይሱዙ ወንበር አያቅተውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እንደተለመደው ረድዋን ነው፤ ሽንኩርት ጭኖ ይመጣል። ለእሱም አንድ ሰፍቼለታለሁ። ምርመራ ሲቀርብ አታንገላቱት፤ አብሮን ያደገ ልጅ ነው፣ የአባቱና የአባታችን ቤት ግድግዳው አንድ ነበር። ባለቤቱ ሐያት ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ አምባዬ


ሰመራ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህን እንዴት ነህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በባጃጅ ስመላለስ አቧራውን እውጣለሁ፤ ከዚያ በቀር የጎደለብኝ የለም። ላለመጻፌ ይቅርታ፤ የቦሎ ሰሞን ስለሆነ መኪናው ከግቢው ተርፎ መንገዱን ዘግቶታል።

ፈንታ ዘሎ ስለዳነ ደስ ብሎኛል። ግን ወንድም ጋሼ፣ ዘለው የሞቱት አዋሽ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሊያስተባብሉህ አይችሉም። አንተ የምትሰማው የዳኑትን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ የሚመጣውን ሪፖርት ስገለብጥ እውላለሁ። እሳቱ ከስንት አንዴ ነው። በመስታወት መውጣቱ፣ ደረትን ከመሪ ማጋጨቱ ግን የዘወትር ነው። ቀበቶ ሰውን አያስርም፣ ወንበሩ ላይ ያቆየዋል እንጂ። አንተስ ሰው እንዲቀመጥ አይደል ወንበር የምትሰፋው?

በስልክ ደግሞ አንቺስ ቀበቶ አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለኸኛል። አዎ፣ በቢሮው መኪና አደርጋለሁ፤ ሐምሌ ላይ አፋምቦ ስንሄድ ታስሬ ነው የሄድኩት። ቀሚሴ ተጨማደደ። ሌላ የደረሰብኝ ጉዳት የለም።

ረድዋን መጥቶ ነበር። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ተቀብያለሁ፣ ሐያትን አመስግንልኝ። በመስኮት በኩል ሳየው ቀበቶውን ሳብ አድርጎ እያሳየኝ «የጋሼ አምባዬ እጅ ሥራ ነው፣ እዪው እንዴት እንደሚያምር!» አለኝ። በጣም ሳቅን። የአገሬን ሰው ሳይ ቤቴ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ቅጹን ሞላሁለት፣ ቦሎውንም ወሰደ። እንዲያውም ከእንግዲህ ሐያትንም አስሬ ነው የምወስዳት ሲለኝ ነበር። ልብ በል፣ በክርክራችን አንድ ሰው ወደ እኔ መጥቷል።

እህትህ ውብነሽ


አዋሽ፣ ኅዳር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውብነሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ። ስልክ ባለማንሳቴ አትቀየሚኝ። ሦስቱንም ደብዳቤሽን ተቀብያለሁ፤ ላንዱም ሳልመልስ ቀረሁ። ሦስት ነገር ጠይቀሻል፣ እነሆ።

ሐያት የረድዋንን ኢዳ፣ የባሏን ሐዘን፣ ተቀምጣለች፣ አማቷ እማማ ሰኢዳ አብረዋት ናቸው። ትበላለች። ታወራለች ግን አልልሽም።

ረድዋን ተሠቃይቶ ነበር ወይ ላልሽው፣ ወዲያው ነው ብለውናል። ከገዋኔ አለፍ ብሎ ነው፤ የተበላሸ ተሳቢ ምልክት ሳያደርግ ኩርባው ላይ ቆሞ ነበር። ፍሬን ይዟል፣ ቢሆንም ከኋላው ገባበት። ጋቢናው ያን ያህል አልተጎዳም። በሩ በእጅ ተከፈተ። እሱን ግን በመስታወቱ አውጥቶታል። እዚያው ዕለት ቀበርነው፣ አላህ ይርሐመው።

ታስሮ ነበር ወይ ብለሻል። አዎ፣ ታስሮ ነበር። ቀድመው የደረሱት ሰዎች ሁሉ አይተዋል፣ ቀበቶው ደረቱ ላይ እንዳለ ነው ያገኙት። እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ ይብቃ። ቀበቶ ሰው አያድንም።

ሥራ በርትቶብኛል፣ ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ከእንግዲህ ስለ ቀበቶ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

አምባዬ


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ። አትጠይቂኝ ብለሃል፣ እኔም አንድ ወር ሙሉ ታዝዤህ ቆየሁ። አሁን ግን ሳልጠይቅ መቅረት አልችልም፤ ይቅር በለኝ።

የረድዋን ወሬ ከእኔ ደብዳቤ ቀድሞ አገሩን አዳርሷል። የሥራ ባልደረባዬን ሀምዳን ነግሬሃለሁ፣ የአፋምቦ ልጅ ናት። አጎቷ ግመል እየነዱ ሲሄዱ በዳጉ ሰምተውታል፤ «አንድ የአዋሽ ሾፌር ቀበቶውን እንዳሰረ ሞተ» ተብሎ። ዳጉን አንተም ታውቀዋለህ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። ሀምዳ እንደምትለው ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ለብቻ አድርገህ ነው የምትናገረው። እያወቀ የጎደለ ዳጉ ያቀበለ ሰው ደግሞ ስሙ እስኪሞት ይነሳል፤ ምክንያቱም በዚያ ወሬ ሰው መንገዱን ይለውጣል፣ ውሃ ወዳለበት ወይም ወደሌለበት ይሄዳል።

አሁንም በዚህ ወሬ ሰው መንገዱን ለወጠ። ሾፌሮች ፈርመው ማመልከቻ አስገብተዋል። አዋሽ ያሉትም፣ ሎጊያ ያሉትም፣ አንድ መቶ አርባ ሰው። «ረድዋን ታስሮ ሞተ፣ ስለዚህ ደንቡ ይነሳልን» ይላል። ጥር 20 ቀን ስብሰባ ተጠርቷል። ኃላፊዎቹ ደንቡን ማንሳት ባይችሉም ኬላ ላይ እንዳይጠየቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ያ ደግሞ ከማንሳት አይለይም። ቀበቶ ማሰር የጀመሩትም ትተውታል። ባለፈው ሳምንት ሎጊያ መግቢያ ላይ አንድ ሚኒባስ ተገለበጠ። ሾፌሩ ደህና ቀበቶ ያለው መኪና ይዞ ሳለ ፈትቶት ነበር። አከርካሪውን ተሰብሮ ተኝቷል። ለምን ፈታኸው ሲሉት የረድዋንን ስም ጠራ።

እኔም ረታኸኝ ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። ጋቢናው ያን ያህል አልተጎዳም ትላለህ፣ በሩም በእጅ ተከፈተ ትላለህ። ታዲያ ቀበቶው የታሰረ ከሆነ ረድዋን እንዴት በመስታወት ወጣ?

ወንድም ጋሼ፣ በምንሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር አለ። «ቀበቶው ከመኪናው አካል ጋር በብሎን መታሰሩ ታይቷል» ይላል። እኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። አላየሁም ግን። እጄን ወንበሩ ስር ሰድጄ መሳብ ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ሐያትና ስለ ቲማቲሙ እያወራሁ፣ እየሳቅሁ ሞላሁት። የጋሼ አምባዬ ሥራ ነው ሲለኝ ምን ብዬ እጠራጠራለሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ ያች ምልክት ከዓይኔ አትጠፋም።

እባክህ ንገረኝ። ያ ቀበቶ ምን ላይ ነበር የታሰረው?

ውብነሽ


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፤ ካስረዘምኩት ተመልሼ እፈራለሁ።

ጣውላ ላይ ነው የታሰረው።

የረድዋን ወንበር ብረቱ በዝገት አልቆ ስለነበር ከስፖንጁ ስር በጣውላ ሠርቼለት ነበር። ቀበቶውን በሁለቱም ጫፍ እዚያ ጣውላ ላይ በአራት በአራት ምስማር መታሁት። ከላይ በቆዳ አለበስኩት፣ ስፌቱን በጥቁር ክር አሳመርኩት። ማንም አይቶ ከፋብሪካ የወጣ ነው ይላል። ወለሉን በትራፓኖ በስቼ ብሎን ማስገባት እንዳለብኝ አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። በባቡር ቤት ከእንጨት ጋር የሚመታና ከብረት ጋር የሚታሰር ምን እንደሆነ ገና በልጅነቴ ነው አባታችን በኩርኩም ያስተማረኝ።

ለምን እንዲህ አደረግህ ትይኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ሠላሳ አንድ ቀበቶ ሰፍቻለሁ ውብዬ። ሠላሳው ለኬላ ብቻ ብለው ነው ያሰፉት። «ጋሼ፣ ፖሊስ እንዲያየው ብቻ» ይላሉ፣ እኔም ለፖሊስ ዓይን እሰፋለሁ። ነገሩ ሁሉ ጨዋታ መሰለኝ። እናንተ ደንብ ታወጣላችሁ፣ እኛ ማለፊያ እንሰፋለን፣ እንሳሳቃለን፣ ቀኑ ይመሻል።

ረድዋን ግን እንደነሱ አልነበረም። ይህን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ሰፍቼ ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይይዛል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነበር፤ ዓይኑን አየሁት። ሌላው ሰው «ያምራል ወይ» ነው የሚለኝ፣ እሱ ግን ይይዛል ወይ አለኝ። እኔም ሳቅሁና «ግመል ይይዛል» አልኩት።

ማሰሪያው እኮ በእርግጥ ግመል ይይዛል፣ የጭነት ማሰሪያ ነው። ስለ ምስማሩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ትራፓኖው ከጎረቤት ጋራዥ ነበር፣ ሄዶ ማምጣቱ ሰለቸኝ። ቀኑ ሞቃት ነበር። አየሽ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ቀበቶው አልተበጠሰም። ጣውላው ነው ከነምስማሩ ተገንጥሎ የወጣው። ሰዎቹ ደረቱ ላይ ታስሮ አገኘነው ሲሉ እውነታቸውን ነው፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። እኔ ደግሞ ሬሳውን ሳነሳ ጣውላውን አየሁት፣ አወቅሁትም፣ በነጠላዬም ሸፈንኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቀበቶ ሰው አያድንም ብዬ ጻፍኩልሽ። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር፤ ረድዋን እኮ ጠዋት ጠዋት እኔው ሱቅ እየተቀመጠ ሻይ ይጠጣ ነበር።

የሎጊያውን ሾፌር ነገር ስትጽፊልኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአለቆችሽ ስትናገሪ ያንቺን ምልክት አታንሺ። ወንድሜ አታለለኝ በዪ፣ እውነትም ነው። እንጀራሽን አትጪ፤ ሁሉንም በእኔ ላይ አድርጊው።

አምባዬ


ሰመራ፣ ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ቀን ልጽፍልህ አልቻልኩም፣ ተናድጄብህ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። እንዴት ነህ ብዬ የማልጠይቅህ ለዚህ ነው።

ስለ ምልክቴ ሳልናገር መቅረት አልችልም። ትናንት ቅጹን ከፋይሉ አውጥቼ ለኃላፊዬ አሳየሁትና ሳላይ ነው የሞላሁት አልኩት። ቅጹን ተቀበለኝ። ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም። አንተ ሳትበሳ መታህ፣ እኔ ሳልስብ ሞላሁ። ከሁለታችን አንዳችን እጃችንን ወንበሩ ስር ብንሰድ ኖሮ ረድዋን ዛሬ ሽንኩርቱን ጭኖ ይመጣ ነበር። አታለለኝ ብዬ ከዚህ አልወጣም።

ስብሰባው ላይ መጥተህ ለመናገር ፈቃደኛ መሆንህን ለማንም አልነገርኩም፤ ምክንያቱም ፈቃደኛ ነኝ አላልክም። ደብዳቤህ ለእኔ ነው የተጻፈው። ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው፤ እህትህ ነኝ፣ ተቆጥቼም እበርድልሃለሁ።

ለሀምዳ አወራኋት፤ ስምህን ሳልጠራ። «ያ ሰውዬ ዳጉውን ጎድሎ እንዲሄድ አድርጓል» አለችኝ። «የጎደለውን መሙላት የሚችለው ያየው ሰው ብቻ ነው። አንቺ ብትናገሪው የሰማሽው ነው። እሱ ግን ያየው ነው።»

መጀመሪያ ግን ለቢሮ አይደለም፣ ለሾፌሮቹም አይደለም። ሐያት ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው።

ሠላሳዎቹ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፣ ወንድም ጋሼ። እነሱም ከመሰብሰባቸው በፊት ይወቁት።

ውብነሽ


አዋሽ፣ ጥር 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውብዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ይህን ደብዳቤ በሰው አልክም፤ ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እመጣለሁ። በእጄ ለምን እንደምሰጥሽ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ሐያት ቤት ሦስት ቀን በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ቀን እማማ ሰኢዳ አዩኝና «ግባ እንጂ አምባዬ፣ ምን እንደ እንግዳ ያስቆምሃል» አሉኝ። ኢዳ ላይ ስለሆነች ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጥኩ። እሷ ከወዲያ ነበረች። ፊቷን ባለማየቴ ደስ አለኝ፤ በዚያም አፈርኩ።

ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ጣውላውን፣ ምስማሩን፣ በነጠላ መሸፈኔንም። ይይዛል ወይ ያለውንም፣ የመለስኩለትንም። ስጨርስ እማማ ሰኢዳ አለቀሱ፣ ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና «አላህ የጻፈው ነው ልጄ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። አንተ ምን ታደርጋለህ» አሉኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዚያች ቃል ውስጥ ገብቼ ልደበቅ ነበር። አሜን ብዬ ልነሳ ነበር።

ሐያት ከወዲያ ሆና ተናገረች። «አላህ የጻፈውን አላህ ያውቃል እናቴ። ምስማሩን የመታው ግን ጋሼ አምባዬ ነው።»

ከዚያ ተነስታ ስትሄድ ሰማሁ። ስትመለስ ከመጋረጃው ስር አንድ ነገር ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። ቀበቶው ነበር። ከልብሱ ጋር አብሮ ደርሷት ኖሯል። አጥባዋለች ውብዬ፣ እንደ ነጠላ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ሁለቱ የጣውላ ቁራጮች ከነምስማራቸው ጫፍና ጫፉ ላይ እንዳሉ ናቸው።

«ምንነታቸውን አላወቅሁም ነበር» አለችኝ። «ከመኪናው የተሰበረ ነገር መስሎኝ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ስጽናና ነበር። ብቻውን አልሞተም፣ የጋሼ እጅ ሥራ እስከ መጨረሻው ይዞታል እያልኩ።»

ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እንዴት አፍ አውጥቼ እጠይቃታለሁ? ልሄድ ስል ግን ቀበቶውን ውሰደው አለችኝ። «ስብሰባ አለ ይባላል። በረድዋን ስም ሰው እየፈታ ነው ይባላል። ሂድና አሳያቸው። እሱ ያመነበትን ነገር በሞቱ አታስክዱት። ነግረህ ስትጨርስ መልሰህ አምጣልኝ፤ የኔ ነው።»

በማግስቱ ሾፌሮቹ ሻይ የሚጠጡበት ሄድኩና ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አንድ ግመል ሊሸጡ የመጡ የአፋር ሽማግሌ ከጎን ተቀምጠው ነበር፤ «ዳጉ?» አሉኝ። ያየሁትን ለብቻ አድርጌ ነገርኳቸው። የሰማሁት ስላልነበረ አጭር ነበር። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ምስማሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩና ተነስተው ሄዱ። ነገ እነማን ዘንድ እንደሚያደርሱት እንጃ፣ ብቻ ይደርሳል።

ፈንታ ከሁሉም በላይ ተቆጣ። የሱንም የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ሻዩን ትቶ ወደ መኪናው ሄደ፣ ቀበቶውን በአንድ እጁ ሳበው፣ ከነጣውላው መጣለት። ይዞት ተመልሶ እግሬ ስር ወረወረው። እስከ ዛሬም ሰላም አይለኝም። ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ መጥተዋል። ትራፓኖውን ከጎረቤት አመጣሁት፤ ሠላሳ እርምጃ ነው፣ ቆጠርኩት። ወለሉን እየበሳሁ፣ ብረት ከስር እየደገፍኩ በብሎን አሰርኩላቸው። አብረው እየተንበረከኩ ያዩኛል፣ ራሳቸው እየጎተቱ ይሞክሩታል፤ ከእንግዲህ በቃሌ የሚያምነኝ የለም፣ ደግ አደረጉ። ከፋብሪካው እንደወጣው አይሆንም፣ ያንንም አልደበቅኋቸውም። የስምንቱን ስምና ታርጋ ጽፌ ይዣለሁ፣ ኬላ ላይ ፈልጉልኝ።

ነገ የምሳፈረው በሚኒባስ ነው። ጋቢና እቀመጣለሁ፣ አስሬም እመጣለሁ፤ ከመነሳታችን በፊት ግን እጄን ወንበሩ ስር እሰዳለሁ።

እንግዲህ ደብዳቤውን በእጄ ለምን እንደምሰጥሽ ልንገርሽ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ በሱቄ ደጃፍ ምላሴ ረጅም ነው፣ በአዳራሽ ግን ላብ ያጠምቀኛል። መቶ አርባ ሰው ፊት ስቆም እፈራ ይሆናል። ፈርቼም ላሳምረው እችላለሁ፤ ትራፓኖው ሩቅ ነበር እል ይሆናል፣ አላህ የጻፈው ነው እል ይሆናል። እንደዚያ ካየሽኝ ተነሺና ወረቀቱን ከእጄ ተቀበይኝ። ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩልሽንም አምጪና ሁለቱንም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ግመል ይይዛል ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ግን ዘለሽ እንዳታልፊው።

ወንድምሽ አምባዬ